ክብርት የጓሮ ሚኒስትር

ዋና ከተማ የተባለ ሁሉ ቢያንስ አንዲት እንደ አክስቴ ያለች ሴት አለችው፤ ከሌለችው ዋና ከተማነቱን እጠራጠራለሁ። ቤተ መንግሥትና ባቡር ጣቢያ ማንም ይሠራል። የት ማደርና የት መብላት እንዳለባችሁ ከእናንተ በላይ የምታውቅ፣ ሳትጠየቅ የምትናገር፣ ከተጠየቀች ደግሞ የማታቆም ሴት ግን በጨረታ አትገኝም። እናንተም አንድ ቦታ አግኝታችኋታል። የእኔዋ ትብሳለች ብዬ ስለማምን ነው የምጽፈው።

የአገራችን ዋና ከተማ እንግዲህ የፍቅር ከተማ የምትባል ናት። ወንዝ መሀል ለመሀል ይሰነጥቃታል፤ በወንዙ ላይ ሰባት ድልድይ አለ፤ በየድልድዩ ላይ ተቃቅፎ ፎቶ የሚነሳ ጥንድ አይጠፋም። ያላገባ ለማግባት፣ ያገባ ለመታረቅ የሚሄደው ወደዚያ ነው። እኛ የምንኖረው በባቡር የአራት ሰዓት መንገድ ርቀን፣ ፋብሪካና አቧራ በሞላበት ከተማ ነው። ስለዚህ ከቤተሰባችን ማንም ሰው ሻንጣውን ከማንሳቱ በፊት ስልኩን ያነሳና ለአክስቴ ይደውላል። ወዶ አይደለም። እሱ ካልደወለ እሷ ትደውላለች።

በሌለችበት "ክብርት የጓሮ ሚኒስትር" እያልን ነው የምንጠራት። ፊት ለፊት ግን "እቴቴ" ናት፤ ሌላ ስም ለማውጣት የደፈረ የለም። ሹመቱን ያገኘችው ከአፏ በማይጠፋው አንድ አነጋገር የተነሳ ነው፤ "መጀመሪያ ጓሮውን አሳዩኝ።" ከአሮጌው ድልድይ አጠገብ በነበረ ሆቴል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት አልጋ አንጥፋለች፤ የመጨረሻዎቹን አሥራ ሁለት ዓመታት የክፍል ሠራተኞች አለቃ ሆና። ሆቴሉ ተዘግቶ የመድን ድርጅት ቢሮ ሲሆን ጡረታ ወጣች። ወጣች ይባላል እንጂ አልወጣችም። አንድ ሆቴል ቢወሰድባት የከተማውን ሆቴል በሙሉ ተረከበች።

"የሆቴል ፊት ሁሉም አንድ ነው፤" ትላለች። "አበባ አለ፣ መስታወት አለ፣ ጥርሷን የምታሳይ ልጅ አለች። አንተ ጓሮ ሂድ። የተሰጣውን አንሶላ እየው። ጠርዙ ከተበላ ፍራሹም አልቆለታል።"

ክፍል ስትመረምር አይታችሁ ቢሆን! ጫማዋን ታወልቃለች። አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጥና በሥራ አስኪያጁ ፊት፣ እንደ ዳኛ ኮስተር ብላ፣ ሦስት ጊዜ ትነጥራለች። አልጋው ከጮኸ ጉዳዩ ተዘጋ። ትራሱን በክርኗ ትጫነዋለች። ቧንቧውን ከፍታ ሙቅ ውሃ እስኪመጣ ድረስ ጮክ ብላ ትቆጥራለች፤ ከሃያ ካለፈ ቦርሳዋን ታነሳለች። ከሁሉ በላይ የምታጣራው ግን ብርድ ልብስ ነው። ሁለት መሆን አለበት፤ ድርድር የለውም።

"ባልና ሚስት በምን እንደሚጣሉ ታውቃለህ?" አለችኝ አንድ ቀን።

"በአማት?"

"በብርድ ልብስ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት አልጋ አይቻለሁ። ማን ማንን ገፎ እንዳደረ አልጋው ራሱ ነው የሚነግርህ።"

የምግብ ቤት ፈተናዋም በጓሮ በር ነው የሚጀምረው። አብሳዮቹ ምሳቸውን የሚበሉት ከቤቱ ድስት ከሆነ እንገባለን፤ ከቤታቸው በፌስታል ይዘው ከመጡ እናልፋለን። የጓሮውን የቆሻሻ በርሜል ክዳን ሳታነሳ ስለ አንድ ቤት አስተያየት ሰጥታ አታውቅም። ወንዝ ዳር በሻማ የሚያበሉትንማ ስማቸውን መስማት አትፈልግም። "ሻማ የሚያበሩት ለፍቅር መሰለህ?" ትላለች። "ዓሣው እንዳይታይ ነው።"

ታዲያ ይህን ሁሉ ከምትለፋ ለምን እንግዶቿን ቤቷ አታሳድርም የሚል አይጠፋም። ሁለት ክፍል፣ ሰፊ ሶፋና ንጹህ አንሶላ አላት። ወንድ ወይም ሴት ብቻውን ከመጣ በደስታ ታስተኛዋለች። ጥንድ ከሆኑ ግን በሯን ከርችማ ትቆልፋለች። "ዘመድ ቤት ያደሩ ባልና ሚስት ወንድምና እህት ሆነው ነው የሚመለሱት፤ እዚህ ድረስ የመጡት ለዚህ ነው እንዴ?" ባይ ናት። ይህን የምትለው እንዲህ በቀላሉ አይደለም፤ እንደ ሕግ አንቀጽ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ለጫጉላ የሄደ ጊዜ በአንድ ቀን ሦስት ሆቴል አስቀይራዋለች። የመጀመሪያው አልጋው ይጮኻል፤ የሁለተኛው መስኮት ወንዙን ያያል፣ "ወንዙን ካየ የጀልባውንም ሞተር ይሰማል"፤ ሦስተኛው ብርድ ልብሱ አንድ ነው። ሙሽራዋ የፍቅር ከተማን ውበት የተመለከተችው በታክሲ መስኮት ሲሆን፣ አራተኛው ሆቴል ስትደርስ ጫማዋን ሳታወልቅ እንቅልፍ ወሰዳት። ዛሬ አራት ልጆች አሏቸው። አክስቴ አራቱንም የዚያ ፍራሽ ውጤት አድርጋ ነው የምትቆጥራቸው።

የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ታሪክም አለ። ሰውየው ሚስቱን ይዞ ለሥራ ሲሄድ እኔ ሞኙ የአክስቴን ስልክ ሰጠሁት። ከነሱፉና ከነክራቫቱ በአንድ የዓሣ ቤት የጓሮ በር አስገብታ፣ ከሽንኩርት ጆንያና ከዕቃ አጣቢዋ መሀል አስቀምጣ አበላችው። ሰኞ ጠዋት ወደ ቢሮው ሲያስጠራኝ የስንብት ደብዳቤ ሊሰጠኝ መስሎኝ ነው የገባሁት። በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ያቺ ሴትዮ ስለ ሥጋ ደግሞ ምን ትላለች?" ብሎ ጠየቀኝ።

ዘመድ መሆን እንኳ አያስፈልግም። አንድ ቀን አሮጌው ድልድይ ላይ ካርታ ዘርግተው የቆሙ የውጭ አገር ጥንዶችን አየች። ካርታውን ከእጃቸው ተቀብላ በሥርዓቱ አጠፈችና መለሰችላቸው፤ ከዚያ ትልቁን ሻንጣ ይዛ መንገድ ጀመረች። ወንዱ ሌባ ብሎ እየጮኸ ነው የተከተላት። አክስቴ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ እስከ ሆቴሉ ጓሮ ወስዳ አንሶላውን አሳየቻቸው። አሁን በየዓመቱ የፎቶ ካርድ ይልኩላታል፤ የተጻፈበትን ማንበብ ባትችልም ግድግዳዋ ላይ ደርድራዋለች።

እንግዲህ እንዲህ ያለች አክስት እያለች ነው ባለቤቴ ሆቴሉን ራሷ የመረጠችው።

ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለችም። በሠርጋችን ሳምንት አባቷ በጠና ስለታመሙ ጫጉላችን ሆስፒታል ወንበር ላይ አለፈ። ከዚያ የመጀመሪያው ልጅ መጣ፣ ከዚያ ሁለተኛው። ስድስት ዓመት ስንቆይ ቆይተን ልጆቹን ለእናቷ ሰጥተን ሦስት ቀን አገኘን። በስልኳ ስታስስ ከርማ አራት ኮከብ ተኩል የተሰጠው ሆቴል ያዘች። "ሦስት ቀን፤" አለችኝ። "እኔና አንተ ብቻ። የአንተን አክስት እወዳታለሁ፤ ግን በጫጉላዬ ፍራሽ ላይ ስትነጥር ማየት አልፈልግም።"

ለአክስቴ ላልነግር ማልኩላት። ታላቅ ወንድሜ ግን ምስጢር የሚቋጥር ሰው አይደለም፤ ባቡሩ ሲቆም አክስቴ ቦርሳዋን ታቅፋ የጣቢያው መድረክ ላይ ቆማለች። የባለቤቴ ፊት ወዲያው ጠቆረ። አክስቴም አይታዋለች መሰል፣ ከወትሮው ባነሰ ድምፅ፣ "አሥር ደቂቃ ብቻ፤" አለች። "ጓሮውን ልይ። ከዚያ እስከምትመለሱበት ቀን ዓይኔን አታዩም።"

"እስከምንመለስ?" አለች ባለቤቴ።

"ቃሌ ነው።"

ጓሮውን አየች። ክፍል አሥራ አራት ገብታ ጫማዋን አወለቀች፣ ሦስቴ ነጠረች፣ እስከ አሥራ አንድ ቆጠረች። ብርድ ልብሱ ሁለት ነው። ከዚያ ጎንበስ ብላ አንሶላው ፍራሹ ጥግ ላይ እንዴት እንደታጠፈ ስታይ ትንሽ ቆየች። "ይቻላል፤" አለች በመጨረሻ። አክስቴ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የላትም። ስትወጣ ከመታጠቢያ ቤት ያመጣችውን ትንሽ ነጭ ፎጣ ሦስት ቦታ አጥፋ የበሩ እጀታ ላይ ከውጭ በኩል ሰቀለችውና ሄደች። ምንድን ነው ብለን አልጠየቅናትም፤ እሷን መጠየቅ ግማሽ ቀን ያስወጣል። ባለቤቴ የቤቱ ጌጥ መስሏት ፎቶ አነሳችው።

እውነትም ሦስት ቀን አልደወለችም። ይህ በቤተሰባችን ታሪክ ተሰምቶ አይታወቅም።

በመጀመሪያው ቀን ክፍላችንን ያጸዳ የለም። ይሁን አልን። በሁለተኛውም ቀን ማንም አልመጣም። አልጋውን ራሳችን አነጠፍን፣ ሳሙናው ከጥፍር ቀጠነ፣ ቅርጫቱ ሞልቶ ፈሰሰ፣ ሁለታችን በአንድ እርጥብ ፎጣ ተፈራረቅን። ማታ ወንዝ ዳር በሻማ የበላነው ዓሣ ደግሞ ሆዳችንን ገለበጠው። ባለቤቴ ስድስት ዓመት የጠበቀችው ነገር በእጇ ላይ እየተበላሸ ነበር፤ እሷ የመረጠችው ስለሆነ ደግሞ የምትወቅሰው ሰው አጣች። በሦስተኛውም ቀን ማንም አልመጣም።

በመመለሻችን ጠዋት ሻንጣችንን ይዘን ስንወርድ አክስቴ እንግዳ መቀበያው ውስጥ ተቀምጣ ትጠብቀናለች። ባለቤቴ ሰላም ሳትላት በቀጥታ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄደች። ሥራ አስኪያጁ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ፣ ኮቱ ላይ አንድ ብናኝ የማይታይበት ሰው ነው። የሆነውን ነገረችው፤ ስትናገር ድምፅዋ ተሰበረ። ሰውየው ደነገጠ። መዝገቡን አስመጥቶ ቢያይ ክፍል አሥራ አራት ሦስቱንም ቀን "አልቋል" ተብሎ ተፈርሞበታል።

የክፍል ሠራተኛዋን አስጠራት። በእኛ ዕድሜ ያለች ሴት ናት፤ እጇን በሽርጧ እየጠራረገች መጣች።

"ሦስት ቀን ሳትገቢ ነው አልቋል ብለሽ የምትፈርሚው?"

"ፎጣ ተሰቅሎበት ነበር፤" አለች ሴትዮዋ።

"የምን ፎጣ?"

"ፎጣ ካለ አይገባም። አለቃዬ ዕረፍት ከመውጣቷ በፊት ሰቅላው የሄደች መስሎኝ ነው። ስትመለስ ራሷ ታወርደዋለች ብዬ…"

"ፎጣ የሚባል ደንብ በዚህ ቤት የለም።"

ሴትዮዋ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅም፣ ሻይ ይዛ የምታልፈውም፣ ሁለቱም መሬት መሬት ያያሉ። ሥራ አስኪያጁ መዝገቡን ዘጋው። "ዕቃሽን ሰብስቢ፤" አላት። "ከዛሬ ጀምሮ ሥራ የለሽም።"

ባለቤቴ እዚህ ይደርሳል ብላ አላሰበችም። ክንዴን ጨመቀችው። እኔ ምን ልበል እያልኩ ሳስብ ከኋላዬ የወንበር ድምፅ ሰማሁ። አክስቴ ተነስታለች።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። አክስቴ ተሳስቻለሁ ብላ አታውቅም። ወንድሜን ሦስት ሆቴል ስታስቀይረው የተሳሳቱት ሆቴሎቹ ናቸው። አንዴ በተሳሳተ ባቡር ተሳፍራ ሌላ ከተማ ስትወርድ እንኳ ስህተቱ የባቡሩ ነበር። እና ያቺ አክስቴ ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆማ፣ "ፎጣውን የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤" አለችው። "ልጅቷ የተማረችውን ነው የሠራችው። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"እርስዎ ማን ነዎት?"

"አሮጌው ድልድይ ጋ በነበረው ሆቴል ሠላሳ አንድ ዓመት አልጋ ያነጠፍኩ ሰው ነኝ። አሮጌ ልማድ ይዞኝ ነው። እኔ ላጠፋሁት ሰው እንጀራውን አያጣም።"

ሠራተኛዋ ቀና ብላ አየቻት። "የድልድዩ እትዬ?" አለች ቀስ ብላ። "አለቃችን ጥግ ማጠፍ ስታስተምረን የድልድዩ እትዬ እንዲህ ነበር የሚያጥፉት ትለናለች። እኔ የሞቱ መስሎኝ ነበር።"

"ለጊዜው አልሞትኩም፤" አለች አክስቴ።

የዚያን ጊዜ ገባኝ። አክስቴ ያሠለጠነቻቸው ሴቶች ሆቴሉ ሲዘጋ በከተማው ሁሉ ተበትነው አለቃ ሆነዋል፤ እነሱ ደግሞ ሌሎችን አስተምረዋል። በዚህች የፍቅር ከተማ ስንትና ስንት አልጋ ጥግ ላይ የአክስቴ እጅ አለ። አገር ከሩቅ እየመጣ የሚተኛው በእሷ አስተጣጠፍ ነው። ደረቴን ነፋ አድርጌ፣ "አክስቴ ናት፤" አልኩት ሥራ አስኪያጁን፣ ጠይቆኝ እንደሆነ ሁሉ። ባለቤቴም ወዲያው፣ "ቅሬታዬን ትቻለሁ፤ ሴትዮዋ ምንም አላጠፋችም፤" አለችው። ሰውየው አንዴ አክስቴን፣ አንዴ ሠራተኛዋን አየና መዝገቡን መልሶ ከፈተው። ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ነገራት። ስለ ፎጣው አንድ ሁለት ጊዜ ጠየቀ፤ ከሴቶቹ አንዷም አልመለሰችለትም።

ውጭ ስንወጣ ባለቤቴ አላስችል አላት። "ፎጣው ምን ማለት ነው?"

አክስቴ ዞር ብላ ሰው አለመኖሩን አየች። "ተዋቸው ማለት ነው፤" አለች።

ቆመን አዳመጥናት። የድሮው ሆቴል ባለቤት ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ያልተከፈተ ክፍል እንዳይኖር ደንብ አውጥቶ ነበር። እሷና ጓደኞቿ እየዞሩ በር ይደበድባሉ። "ሰዎቹ ከስንት ቦታ የመጡ፤ አስተማሪ አለ፣ ገበሬ አለ፤ በዕድሜያቸው ሁለት ሌሊት ነው ያገኙት። አንዷ በሯን ስትከፍትልኝ ፊቷን አይቼ አንጀቴን በላችኝ። ከዚያ አብረውኝ ከሚሠሩት ልጆች ጋር ተማከርን። ፎጣ የተሰቀለበት ክፍል አልቋል ተብሎ ይፈረማል፤ ማንም አያንኳኳም። እነሱ ለምሳ ሲወጡ የሰቀለችው ራሷ አውርዳ ገብታ ታጸዳለች። አለቃ አያውቅም፤ ዛሬም አያውቅም።"

"ሌላ ሰው አያወርደውም?" አልኳት።

"የሰቀለችው ብቻ።"

"ታዲያ ለምን መጥተሽ አላወረድሽውም?"

አክስቴ ባለቤቴን አየቻት። "ዓይኔን አታዩም ብያለሁ። ትናንትና እስከ ጓሮ በር መጥቼ ተመለስኩ። ደግሞ ፎጣ ስታጡ ትጠይቃላችሁ ብዬ ነበር፤ ሰው እንዴት ፎጣ መጠየቅ ያቅተዋል?"

ትቆጣታለች ብዬ ስፈራ የባለቤቴ ፊት ቀስ በቀስ ሲፈታ አየሁ። "በሩን ማንም አላንኳኳም፤" አለች። እውነቷን ነው። ልጆቹ ከመጡ ወዲህ በር ሳይደበደብ የነቃንበት ጠዋት አልነበረም፤ እዚያ ግን ሦስቱንም ቀን እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ተኝተናል፤ በፎጣና በሳሙና ንዴት ልብ ሳንለው ቀርተን ነው። "ሦስት ቀን ሙሉ ማንም አላንኳኳም፤" አለች ደግማ፣ ግንባሯን አክስቴ ትከሻ ላይ አስደግፋ ስትስቅ፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። አክስቴ ምን እንደምታደርግ ግራ ገብቷት የባለቤቴን ኮሌታ ታስተካክል ጀመር።

ወደ ጣቢያው የሄድነው በአሮጌው ድልድይ ላይ ነው። ሁለቱ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ከፊት፣ እኔ ሁለት ሻንጣ እየጎተትኩ ከኋላ። ጥንዶቹ እንደልማዳቸው ተቃቅፈው ፎቶ ይነሳሉ፤ ገሚሶቹ ገና ከእንቅልፍ የነቁ ይመስላሉ። ይህችን በአጠገባቸው የምታልፍ ቦርሳ የታቀፈች ሴት አንዳቸውም አያውቋትም። እኔ አውቃታለሁ፤ ሥጋዬ ናት፤ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ድልድዩ መሀል ላይ ባለቤቴ ቆመች። "እቴቴ፤" አለቻት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። "ባቡሩ ሊነሳ ሁለት ሰዓት ይቀረዋል። ምሳ የት እንብላ?"

አክስቴ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። የመንገዱን ጫፍ አየች፣ ወንዙን አየች፣ ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞረች።

"አንቺ ምን አማረሽ?" አለቻት።

አክስቴ ሰውን እንዲህ ብላ ስትጠይቅ ሰምቼ አላውቅም።